ለአሻግሬ ለቅሶ የወጣሁት ተራራ

ከቢቸና ተነስቶ ሂማላያ የደረሰ ሰው መኖሩን አላውቅም። ካለም ለሥልጠና ወይ ለጉብኝት ሄዶ ይሆናል እንጂ እንደኔ ለቅሶ ለመድረስ አይደለም። ከተመለስኩ ሦስት ወር ሆነኝ። መሥሪያ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር የሚያገኘኝ ሁሉ «እስኪ ንገረን፣ በረዶው እንዴት ነው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ መናገሩ ስለሰለቸኝ ይህን ጻፍኩ። ስለ በረዶው ግን ብዙ የምለው የለኝም።

አስቀድሜ ሟቹን ላስተዋውቅ። ከሞጣ በታች አባይ ላይ የተንጠለጠለውን የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ከኔፓል የመጣ የገመድ ባለሙያ ነበር። እኔ የዚያ ሥራ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊና አስተርጓሚ ነበርኩ። ሁለት ዓመት አብረን በላን፣ አብረን በወባ ተንቀጠቀጥን። ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ሰው ወንዙን የሚሻገረው ደረቱ ላይ ገመድ ታስሮ፣ ማዶና ማዶ የቆሙ ጎበዞች እየጎተቱት ነበር። እኔም በልጅነቴ አንድ ጊዜ ተጎትቻለሁ። መሀል ላይ ገመዱ ረግቦ ውሃው እግሬን ነካኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እግሬ ከመሬት ሲነሳ ያ ውሃ ይታየኛል። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት የእትየ ጥሩሰው ባል ግን በዚያው ገመድ ላይ እንዳሉ ወንዙ ወሰዳቸው፤ ሬሳቸውም አልተገኘም። ድልድዩ ያለቀ ቀን ካህናቱ ጠበል ረጩ፤ ሽማግሌዎቹ ያን የሰው አገር ሰው መሀል አቁመው «ስምህ አሻግሬ ይሁን» አሉት። ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ በሌላ ስም የጠራው የለም። እናቱ ያወጣችለትን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን ስድስተኛው ቀን ላይ ታገኙታላችሁ።

አሻግሬ አገሩ ከገባ በኋላ ከታላቅ ወንድሙ ከዳዋ ጋር ጀማሪ ተራራ ወጪዎችን እየመራ ይኖር ነበር። እዚህ እያለ «አንድ ቀን በኔ ገመድ ተራራችን ላይ አወጣሃለሁ» ይለኝ ነበር። እኔም «በአንተ ገመድ ገነትም ቢሆን አልገባ» እለው ነበር። ባለፈው ዓመት ዳዋ ጻፈልኝ። ተራራው ጫፍ አጠገብ፣ ለእንግዶቹ ገመድ ሲዘረጋ፣ የቆመበት የበረዶ ጠርዝ ተደርምሶ ይዞት ወርዷል።

መርዶውን ለሞጣ ሰው ያረዳሁት እኔ ነኝ። ድልድዩ ሥር ሰው ተሰበሰበና አለቀሰ። እትየ ጥሩሰው ግን አንድ እንባ አልወጣቸውም።

«ለቅሶ በሟች ቤት ነው» አሉ። «እናቱ ደጅ ደርሶ ስሙን ጠርቶ ያለቀሰለት ሰው ከኛ ወገን ማን አለ? እኔ ባሌን መቃብር ሳላገኝለት ቀረሁ። እሱንም እንዲያው ልንተወው ነው?»

የሞተን አትርሳ የወደቀን አንሳ ነውና ሰው እንዲላክ ተስማማን። እትየ ጥሩሰው ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ለሟች ቤት የሚደርስ ጋቢ አሠሩ። የአውሮፕላኑን ትኬት አብሮን የሠራው ፈረንጅ መሐንዲስ ላከ። ዳዋም «በጥቅምት ጀማሪዎችን ይዤ እወጣለሁ፤ ወንድሜ ቃል ገብቶልህ ነበርና ቦታ አለህ» ብሎ ጻፈ። ቋንቋ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ዕጣው ሳይጣል ወደቀብኝ።

አንደኛው ቀን

ከሞጣ የመጣው አውቶቡስ ቢቸና ላይ ሲያነሳኝ እትየ ጥሩሰው ውስጡ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጋቢውን በሰው አልልክም ብለው ይዘውት መጥተዋል። ደጀን ድረስ ሸኙኝ። ደጀን ላይ ቁርስ እንብላ ብላቸው «ጋቢውን ሳታደርስ አልበላልህም» አሉና ሻይ ብቻ ጠጡ። ከዚያ በጣታቸው እየመቱ የሚሉትን አስጠኑኝ፦

አባይ ላይ ገመዱን የዘረጋው እጁ፣
በረዶ ሸፈነው ሳንደርስ ከደጁ።

«ይኸን ከደጁ ስትደርስ ነው የምትለው። ስሙን ጮኸህ ጥራ፤ አፍረህ እንዳትተወው። የፈረንጅ አገር ነው ብለህ ድምፅህን እንዳትቀንስ።»

«የፈረንጅ አገር አይደለም፣ እትየ። እንደኛው ገበሬ ናቸው።»

«እንግዲያማ ይገባቸዋል» አሉና ወደ ሞጣ በሚመለስ መኪና ተሳፈሩ።

እኔ የአባይን ቁልቁለት ስወርድ ቃሉን እየደጋገምኩ ነበር። አዲስ አበባ ስገባ እንደ ዳዊት ይዤዋለሁ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን

ዴልሂ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ በሶዬን አገኘው። የሻንጣዬ እኩሌታ በሶ ነበር፤ የማያውቁት አገር ሲሄዱ ሌላ ምን ይያዛል? አሸተተው፣ ጓደኛውን ጠራው፣ ጓደኛውም አለቃውን ጠራ። የገብስ ዱቄት ነው ብል አላመኑኝም። በመጨረሻ በእጄ ዘግኜ ደረቁን ቃምኩት። ትን ብሎኝ እንባዬ እስኪወርድ ሳስል ሳቁና ለቀቁኝ፤ አለቃው ውሃ አመጣልኝ።

ካትማንዱ የአባይ በረሃን ሙቀትና የመርካቶን ግርግር አንድ ላይ ያደረገች ከተማ ናት። ዳዋ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስሜን ጽፎ ቆሟል። ሲዞር ደነገጥኩ፤ ቁርጥ አሻግሬን ነው፣ ጺሙ ብቻ ሸብቷል። ላቅፈው ስል ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጋጥሞ ጎንበስ አለ። የሚናገረው እንግሊዝኛ እንደኔው የተሰባበረ ስለሆነ ተግባባን።

ሌሎቹ ጀማሪዎች ከህንድ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም የሒሳብ መምህራን ናቸው። ዳዋ አንድ ጠባብ ሱቅ አስገብቶን ልክ አስለካን። ውጭው እንደ ፕላስቲክ የደረቀ ሁለት ድርብ ጫማ፣ ከጫማው ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ብረት፣ በጭንና በወገብ የሚያዝ ጠፍር፣ የራስ ቆብ፣ አንድ አጭር የበረዶ ዶማ። ጠፍሩን በጥድፊያ ሳስረው ዳዋ ፈታብኝና እንደገና አሳሰረኝ፤ እንደገናም ፈታው። አምስት ጊዜ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንላለን» ስለው ሚስትዮዋ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ስለ ወንድሙ ያን ቀን አንድም ቃል አላነሳም። ሐዘኑ ጠንቶበት ነው ብዬ እኔም ተውኩት።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን

ከካትማንዱ የተሳፈርንባት አውሮፕላን ከሞጣ መለስተኛ አውቶቡስ አትበልጥም። ያረፈችበት ሉክላ የሚባለው ሜዳ ደግሞ እንደ ጣሪያ ዘንበል ያለና ባንድ ጎኑ ገደል ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ስል የህንዱ መምህር እጄን ያዘኝ። ማን ማንን እንዳጽናና እስካሁን አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲያ መኪና የለም፤ ሁሉ በሰውና በከብት ጀርባ ነው። መንገዱ ዳር ያሉት ማሳዎች ጮቄ ሥር ያለ ገብስና ድንች ይመስላሉ። ሰዓት ሳንሄድ የመጀመሪያው ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ደረስን። ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሱ እኔ ገመዱ መሬት የሚገባበትን ቦታ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያው ነው። ገመዱን ነክሰው የያዙት ብረቶች አቀማመጥ፣ ድንጋዩ የተካበበት አኳኋን፣ ሁሉም የኛው ድልድይ ነው። አሻግሬ እዚህ ነው የተማረው። ብረቱን ይዤ ቆየሁና ዳዋ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ይኸን አንተም ታውቀዋለህ» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ቆጥሬ ያስገባሁት ነው» አልኩት።

እንደ አሻግሬ ሽቦ ሳልይዝ ለመሻገር ልቤ ተነሳስቶ ነበር፤ ግን ድልድዩ ሲወዛወዝ የልጅነቴ ገመድ ታወሰኝና በሁለት እጄ ሽቦውን ይዤ እንደ ሽማግሌ ተሻገርኩ። ከኋላዬ የጋዝ ሲሊንደር የተሸከሙ ሴት እስካልፍ በትዕግሥት ቆመው ጠበቁኝ።

አምስተኛው ቀን ጥፋት አጠፋሁ። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለኔ ምኔ ነው ብዬ ዳገቱን ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁት። ዳዋ ከኋላ «ቀስ» ሲለኝ እሰማለሁ። ናምቼ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ያረፍንበት ቤት ደጃፍ ላይ አስመለሰኝ። ዳዋ አልተቆጣም፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ውሃ እየሰጠ «እዚህ ፈጥኖ የሄደ ፈጥኖ ይወርዳል» አለኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ለሰው ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

የቤቱ ባለቤት እንቁላል ጠብሳ አመጣችልኝ። ዓርብ ነው፣ እጾማለሁ ስላት አላኮረፈችም። ሩዝና ቀጭን የምስር ወጥ አመጣች፤ ሳልጨርሰው ትጨምርልኛለች። እኛ አገር ብቻ መስሎኝ ነበር እንግዳን በግድ ማብላት።

ስድስተኛው ቀን

የአሻግሬ እናት ቤት ከናምቼ በላይ ነው፤ ቀስ ብለን ስለሄድን ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደብን። መንደሩ የድንጋይ ካብ የበዛበት፣ ጣሪያው አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው። ዳዋ ወደ ቤታቸው ሲጠቁመኝ ሻንጣዬን አውርጄ ጋቢውን አወጣሁና አጣፍቼ ለበስኩት። ለቅሶ ሲደረስ እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ። ካቡ በር ላይ ስደርስ እጄን ራሴ ላይ አድርጌ፣ ቤተሰቡ በሚያውቀው ስሙ፣ እናቱ ባወጣችለት ስም ጮኼ ጠራሁት። «ወንድሜ እከሌ፣ ወንድሜ እከሌ» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። እንባዬ ከዓመት በላይ የቆየ ነበርና ያለ ችግር መጣ። የእትየ ጥሩሰውን ግጥም ጀመርኩ።

አልቅሶ የሚመልስልኝ አጣሁ። ቀና ስል አንዲት ትንሽ አሮጊት ደጃፉ ላይ ቆመው ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነዋል። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ነው። ጎረቤት ያለች ሴት ልጇን ጎትታ አስገብታ በሯን ዘጋች። ዳዋ ሮጦ መጣና ትከሻዬን ይዞ ወደ መንገዱ መለሰኝ። አሮጊቷ ገብተው በሩን ከውስጥ ገጠሙት።

ካቡ ሥር ተቀምጠን ዳዋ አስረዳኝ። በነሱ ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም። ነፍሱ ሩቅ መንገድ ላይ ናት፤ ስሟን ከሰማች ዞራ ታያለች፣ ዞራ ካየች መንገዱ ይጠፋባታል። ማልቀስም እንዲሁ ነው፤ የዘመድ እንባ መንገደኛዋ ፊት እንደ ዶፍ ይወርዳል።

«እናቴ ልጇ ከሞተ ጀምሮ ስሙን በአፏ አላነሳችም» አለኝ። «እኔም። ሚስቱም። አንተ ግን ከደጇ ሆነህ በሙሉ ድምፅህ ጠራኸው።»

እንዲህ ያለ ኀፍረት ደርሶብኝ አያውቅም። ስንት ባሕር ተሻግሬ ሐዘንተኛ ላጽናና ሄጄ ሐዘንተኛዋን በገዛ ቤቷ አስደነበርኳት። ይቅርታ ልበላቸው ብል ዳዋ «ዛሬ አይሆንም» አለኝ። መቃብሩን አሳየኝ ብል መቃብር የላቸውም፤ ሬሳውን አግኝተው ተራራው ትከሻ ላይ አቃጥለውታል፣ አመዱም ተበትኗል። የቀረው የወደቀበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ተራራው ጫፍ አጠገብ ነው።

«ቃል ካልሰጠኸኝ ወደዚያ አልወስድህም» አለ ዳዋ። «እዚያ ስንደርስ ስሙን አትጠራም።»

እትየ ጥሩሰው በልቤ መጡ። ስሙን ጮኸህ ጥራ ብለውኝ ነበር የሄድኩት። ካልጠራሁት ለምን መጣሁ? ከጠራሁት ደግሞ የናቱን አንጀት እቆርጣለሁ። በመጨረሻ ለዳዋ ቃሌን ሰጠሁት። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ቀን

አራት ቀን ሄድን። ዛፉ አለቀ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦው፣ ቀጥሎም ሣሩ። ዳዋ ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ ትንፋሽ። እኔም ከኋላው ተረከዙን እያየሁ እሄዳለሁ። ህንዶቹ ባልና ሚስት የተፈጠረውን ስለሰሙ ሊያጫውቱኝ ይሞክሩ ነበር። ሚስትዮዋ የሩቅ አጎቷ ኢትዮጵያ ውስጥ ሒሳብ አስተማሪ እንደነበሩ ነገረችኝ።

አንድ ማታ እረኞች የሚያድሩበት የድንጋይ ቤት አደርን። ባለቤቱ ሽማግሌ የገብስ ዱቄት በሻይ ለውሶ፣ በጣቱ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቀመስኩት። በሶ ነው። በእርግጥ በሶ ነው። ሻንጣዬን ከፍቼ የኔን አወጣሁና አንዱን ጉርሻ አጎረስኩት። ሽማግሌው አኘከ፣ አሰበ፣ ለዳዋ አንድ ነገር ነገረው። ዳዋ ከስድስተኛው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«ምን አለ?»

«ትንሽ አሯል አለ።»

እህቴ ቆልታው ነበርና እውነቱን ነው። ያን ማታ ዳዋ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፤ አገራችሁ ውስጥ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ማን እንዴት እንደነበር አላለም። እኔም ስም ሳልጠራ ነገርኩት፤ ወባ ሲይዘው እንዴት እንደዘፈነ፣ በርበሬ እንዴት እንደለመደ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ልጇን አዝላ ድልድዩን ስትሻገር እንዴት ዞር ብሎ እንደቆመ። ዳዋ ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ቀን

ከተራራው ግርጌ ድንኳን ተተከለ። ተራራው አይላንድ ፒክ ይባላል፤ ጀማሪዎች በመሪ የሚወጡት ነው፣ ቁመቱ ግን ከስድስት ሺህ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ለጀማሪ ነው ሲባል ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው የጀማሪነት ነገር አልታየኝም።

ቀኑን ሙሉ ተማርን። ባለ ጥርሱን ብረት አስሮ እግርን ከፈት አድርጎ መርገጥ፤ አለዚያ የራስን ሱሪ ይነክሳል፣ የኔን ነከሰ። በዶማው መንሸራተትን ማቆም። ከሁሉም የከበደኝ ገመዱ ነበር። ከላይ በተተከለ ገመድ ላይ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ፣ ወደ ታች ሲጎተት የሚነክስ መያዣ አለ፤ እሱን እየገፉ ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ ይወጣሉ። ዳዋ አንድ ቋጥኝ ላይ አሠለጠነን። እግሬ ከመሬት ሲለቅ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ አባይን አየሁት፣ ቡናማ ውሃ፣ የረገበ ገመድ። ወረድኩ። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ወረድኩ።

«ነገ ከግድግዳው ሥር መቆየት ትችላለህ» አለኝ ዳዋ። «ነውር የለውም።»

«እሱ የወደቀው ከግድግዳው በላይ ነው ወይስ በታች?»

«በላይ።»

«እንግዲያው እወጣለሁ» አልኩት። በሦስተኛው ቋጥኙን ጨረስኩት።

አሥራ ሦስተኛው ቀን

ጉዞው ገና ሳይነጋ ነው የሚጀመረው፤ በረዶው ፀሐይ ሳያላላው ለማለፍ ነው። በራስ ላይ በሚታሰር መብራት ድንጋዩን ወጣን። ጎህ ሲቀድ በረዶው ላይ ደረስንና ሁላችንም በአንድ ገመድ ተያያዝን። እዚህም እዚያም መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሲያዩት ሰማያዊ ነው። ከዚህ የበለጠ ስለ በረዶው አልጽፍም ብያለሁ።

ግድግዳው ጋ ስንደርስ የዳዋ ረዳት ህንዶቹን ይዞ ቀደመ። እኔ ከዳዋ ጋር ኋላ ቀረሁ። መያዣውን ገመዱ ላይ አስገባሁ። ገፋሁ፣ ተነሳሁ፣ ገፋሁ። መሀሉ ላይ እግሬን አዳለጠኝና ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ጮኼ ይሆናል፣ አላስታውስም። ዳዋ ከበታቼ ሆኖ ጫማዬን በእጁ ይዞ በረዶው ውስጥ ተከለልኝ።

«ገመዱን ተመልከተው» አለኝ። «የረገበ ነው?»

አየሁት። አልረገበም። እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ወጣሁ።

ከግድግዳው በላይ ቀጭን ጀርባ አለ፤ በሱ ጥቂት ሄደን ዳዋ ቆመ። ጫፉ ከፊታችን ይታያል፤ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ህንዶቹ እዚያ ተቃቅፈው ቆመዋል።

«እዚህ ነው» አለኝ ዳዋ።

የሚታይ ምንም የለም። የተጎረደ የበረዶ ጠርዝ፣ ከዚያ በታች አየር። ጓንቴን አወለቅኩ፤ እኛ አገር በጓንት አይለቀስም። ቃሌን ስለሰጠሁ ስሙን አልጠራሁም። ዓመት ሙሉ የያዝኩት፣ የእትየ ጥሩሰው፣ የሞጣ ሰው ሁሉ አደራ ሳይደርስ ሊቀር ነው። ከዚያ አንድ ነገር ታወሰኝና ወደ ዳዋ ዞርኩ።

«ሽማግሌዎቻችን ሌላ ስም አውጥተውለት ነበር። ያንንም መጥራት ክልክል ነው?»

ዳዋ ሰምቶት አያውቅም። ወንድሙ ከአገራችን ሲመለስ አልነገራቸውም ነበር፤ አፍሮ ይሆናል፣ ወይም ለራሱ ይዞት ይሆናል።

«በዚያ ስም እዚህ የጠራው ሰው የለም» አለ ዳዋ። «በዚያ ስም ቢጠራ መንገዱ የሚጠፋበት አይመስለኝም። ጥራው።»

«አሻግሬ» ብዬ ጮኽኩ። «ወንድሜ አሻግሬ።» ግጥሙን አልኩ፤ ሁለቱንም ስንኝ፣ እንደታዘዝኩት ድምፄን ሳልቀንስ። እንባዬ ጉንጬ ላይ ደረቀ። ዳዋ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሦስት ጊዜ ያጠበቀውን ቋጠሮ እንደገና ያጠብቅ ነበር። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው።

«ጫፉ እኮ እዚያው ነው» አለኝ በኋላ ሳይዞር።

«ለቅሶ ቤት ደርሻለሁ» አልኩት። «ከዚህ ወዲያ የምሄድበት የለኝም።»

ጓንቴን አጥልቄ ወረድኩ። የሁለት ጣቶቼ ጫፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይደነዝዛል።

ከአሥራ አራተኛው ቀን ጀምሮ

ቁልቁለቱን በሦስት ቀን ወረድነው። የአሻግሬ እናት መንደር ስንደርስ ካቡ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዳዋ ላይ ያደረግነውን ሊነግራቸው ብቻውን ገባ። ጥቂት ቆይተው አሮጊቷ በሩን ከፈቱና በእጃቸው ጠሩኝ። «አማ» አልኳቸው፤ በቋንቋቸው እናቴ ማለት ነው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝና ድንች ቀቅለው አቀረቡ። በእጃቸው ልጠው ያቀብሉኝ ነበር።

ጋቢውን ሰጠኋቸው። ባሏን ወንዝ የወሰደባት ሴት በእጇ ፈትላ የላከችው ነው ብዬ ነገርኩ፤ ዳዋ አስተረጎመ። ጥለቱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ክሩን አዩት፣ እሳቸውም ሱፍ ፈታይ ናቸው። ማታውን ለብሰውት እሳቱ አጠገብ ተቀመጡ።

ጠዋት ልሄድ ሻንጣዬን ሳነሳ ዳዋን አንድ ነገር ጠየቁት። ዳዋ ወደኔ ዞረ።

«ያን ተራራው ላይ የጠራኸውን ስም ንገረኝ ትልሃለች።»

«አሻግሬ» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ሁለተኛ ጠየቁ፤ ሁለተኛ ነገርኳቸው። ከዚያ ጋቢውን ደረታቸው ላይ ሰበሰቡና ወደ ካቡ በር ወጡ። እኔ የዚያን ቀን ጆሯቸውን ያስደፈንኩበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገው ጠሩት። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር። ቀጥሎ ልጅን ከማሳ ለምሳ እንደሚጠሩበት ባለ ድምፅ። ዳዋ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ከዓመት በላይ ልጃቸውን የሚጠሩበት ስም አልነበራቸውም።

ስመለስ ቢቸና አልወረድኩም፤ በያዝኩት አውቶቡስ ቀጥታ ሞጣ ገባሁ። በማግስቱ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ እትየ ጥሩሰው ጤፋቸውን በአህያ ጭነው ከማዶ ሲሻገሩ መሀል ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሳያስጨርሱኝ «ጠራኸው?» አሉኝ።

«ጠራሁት፣ እትየ። ግጥሙንም አልኩት።»

«እናቱስ?»

ስለ በሩ፣ ስለ ጆሯቸው፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልደበቅኩም። «በመጨረሻ ግን እናቱም ጠሩት» አልኳቸው። «እኛ ባወጣንለት ስም ነው የጠሩት።»

እትየ ጥሩሰው የድልድዩን ሽቦ ያዙ።

«እንዴት ብላ ጠራችው? እንደሷ አድርገህ ንገረኝ።»

ፊቴን ወደ ወንዙ መለስኩና አሮጊቷ እንዳሉት፣ ልጅን ለምሳ በሚጠሩበት ድምፅ፣ «አሻግሬ» አልኩ። እትየ ጥሩሰው ድልድዩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ መጀመሪያ እሱን ጠሩ፣ ቀጥለው ወንዙ የወሰደባቸውን ባላቸውን ጠሩ። ከኋላ የመጡት ገበያተኞች ሸክማቸውን አውርደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ያን ቀን እትየ ጥሩሰው ገበያ ሳይደርሱ ቀሩ።